እስከ ፍጻሜ የጸና አገልግሎት

ዲያቆን ሲሾም ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲመረቅ የአጥቢያው ሕዝብ በእልልታ ይወጣል። የጅማሬ ቀን ሁልጊዜ ብዙ ሰው አለው። አገልጋይ ግን የሚመዘነው በዚያ ቀን አይደለም። እንግዳው ወደ መጣበት ሲመለስ፣ በጀቱ ሲያንስ፣ ምስጋናው ቀርቶ ወቀሳው ሲበዛ፣ በመጨረሻም ጉልበት ሲደክምና ዓይን ሲፈዝ በተጠሩበት ሥራ ታማኝ ሆኖ መገኘት ትልቁ ፈተና ነው። ጌታችን የድኅነትን ተስፋ እስከ መጨረሻ ለሚጸኑት የሰጠውም ስለዚህ ነው።

ስለ ጽናት ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የአገልጋዩን የግል ብርታት ብቻ እናነሣለን። «በርታ፣ ታገሥ» እንለዋለን፤ ከዚያም ብቻውን እንተወዋለን። ይሁን እንጂ ቅዱስ ጳውሎስ በሕይወቱ ማብቂያ የጻፈው መልእክት ሌላም ነገር ያስተምረናል።

ከእስር ቤት የተላኩ ሦስት ልመናዎች

ሐዋርያው ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት የጻፈው በሮም ታስሮ፣ ዕረፍቱ እንደ ቀረበ አውቆ ነው። በመልእክቱ አራተኛ ምዕራፍ ሩጫውን እንደ ጨረሰና ሃይማኖቱን እንደ ጠበቀ ይመሰክራል። ይህን ክፍል በየዓመቱ ሐምሌ 5 ቀን በዓለ ዕረፍቱን ስናከብር፣ በአባቶች ሥርዓተ ቀብርም ላይ ደጋግመን እናነሣዋለን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን። በዚያ ክፍል ሐዋርያው ዴማስ ዓለምን ወድዶ እንደ ተለየው፣ በመጀመሪያው ሙግቱም ማንም ከጎኑ እንዳልቆመ በግልጽ ይናገራል። ጥለውት የሄዱትን ግን አይረግምም፤ በደሉ እንዳይቈጠርባቸው ይለምንላቸዋል እንጂ። ከዚያም ጢሞቴዎስን ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፤ በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱን በተለይም ብራናዎቹን፣ እንዲሁም ሰውን። ጢሞቴዎስ ራሱ ከክረምት በፊት እንዲደርስለት፣ ማርቆስንም ይዞት እንዲመጣ ይማልደዋል።

አክሊል እንደ ተዘጋጀለት እርግጠኛ የሆነ ሐዋርያ ብርድ እንደሚያገኘው ለመናገር አላፈረም። እነዚህ ሦስት ልመናዎች አንድ አገልጋይ እስከ ፍጻሜ እንዲጸና የሚያስፈልገውን በቅደም ተከተል ያሳያሉ።

በርኖሱ የሥጋ ፍላጎት ነው። አገልጋይ ይበርደዋል፣ ይርበዋል፣ ይታመማል፣ ያረጃል። ይህን ማሟላት የራሱ የአገልጋዩ ብቻ ሳይሆን የሚያገለግለው ማኅበርም ግዴታ ነው።

መጻሕፍቱ የነፍስ ምግብ ናቸው። ጳውሎስ ሊሞት ሲል እንኳ ማንበብ አልተወም። ጸሎቱን ያስታጐለ፣ ንስሐ አባቱን የራቀ፣ ከቃለ እግዚአብሔር የተለየ አገልጋይ ለጊዜው በሥራ ብዛት የጸና ይመስላል፤ መከራ ሲመጣ ግን የሚደገፍበት ነገር አያገኝም። ይህ ማስጠንቀቂያ ከእርዳታ እህል፣ ከዘገባና ከስብሰባ መካከል ለምንውል የልማት አገልጋዮች ከሌላው ይልቅ ይመለከተናል።

ሦስተኛው ሰው ነው። እዚህ ላይ የማርቆስ ነገር ልብ ይነካል። በመጀመሪያው የስብከት ጉዞ ማርቆስ ከጵንፍልያ ተመልሶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ጳውሎስ በሁለተኛው ጉዞ ሊወስደው አልፈቀደም። በመጨረሻ ግን ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ ያስጠራዋል። እንግዲህ አንድ ጊዜ የደከመ ሁሉ ከሩጫው ወጥቷል ማለት አይደለም። ተመልሶ የመጣውን መቀበል፣ የሚተካውንም ማዘጋጀት የጽናት አንድ ክፍል ነው።

ከሰማዕቱ ፓትርያርክ ሕይወት

ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ መንበረ ፕትርክናውን የተረከቡት በ1963 ዓ.ም. ነው። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽናችን በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው በእርሳቸው ዘመን ነው። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው ቃለ ዓዋዲ ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ፣ ምእመናንም በአስተዋጽኦአቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲደግፉ ተደረገ።

በዚያን ጊዜ ይህ ለብዙዎች ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ነበራትና ካህናቱ በአብዛኛው የሚኖሩት ከዚያው መሬት በሚገኝ ገቢ ነበር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ መተዳደሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጇ ወጣ። መቅደሶቻችን በዚያ የመከራ ዘመን እንዳይዘጉ ከረዱት ነገሮች ዋነኛው አስቀድሞ የተዘረጋው ሰበካ ጉባኤ፣ በእርሱም በኩል የተሰበሰበው የምእመናን አስተዋጽኦ ነው።

ፓትርያርኩ ግን የዘሩትን በሙሉ አላዩም። በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ከቆዩ በኋላም በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። የተቀበሩበት ቦታ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው በሰማዕትነት መጽናታቸውን ብቻ አይደለም። እርሳቸው በእስር ቤት ሳሉ፣ ካረፉም በኋላ፣ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይሰበሰብ ነበር፤ ኮሚሽኑም የተራበውን ማብላቱን፣ የተጠማውን ማጠጣቱን ቀጥሎ ነበር። በመንበር መቆየትና በአገልግሎት መጽናት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። መንበሩን ከእርሳቸው መውሰድ ተችሏል፤ አገልግሎታቸውን ግን ማስቆም አልተቻለም። እርሳቸው ባይኖሩም ሥራው እንዲኖር አድርገው አደራጅተውት ነበርና።

ዛሬ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ፣ በአገልግሎት ላይ ያለን ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ። ነገ በሞት ወይም በሕመም ብንለይ የያዝነው ሥራ ይቀጥላልን? የሒሳብ መዝገቡን ከእኛ ሌላ የሚያነበው አለን? የውኃ ተቋሙን ቁልፍ፣ የችግኝ ጣቢያውን ልምድ፣ የማኅበሩን ምስጢር ለወጣቶች አስተላልፈናልን? ሥራው ያለ እኛ እንዳይቆም አድርጎ መያዝ ታማኝነት ሊመስለን ይችላል፤ ፍሬው ሲታይ ግን አገልግሎቱን ከእኛ ጋር መቅበር ነው።

ሁለተኛ፣ ሰበካ ጉባኤያት የአረጋውያን አገልጋዮችን በርኖስ ያስቡ። በገጠር አጥቢያዎቻችን አርባና አምሳ ዓመት የቀደሱ ቀሳውስት፣ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ የአብነት መምህራን አሉ። ዓይናቸው ፈዝዞ መቀደስ ወይም ማስተማር ያቃታቸው ቀን ድርሻቸው ተቋርጦ ጧሪ ቀባሪ የሚያጡ ጥቂቶች አይደሉም። ወጣቱ ዲያቆን ይህን ያያል። የእርሱም መጨረሻ ይኸው እንደሚሆን ሲያስብ ልቡ ይከፈላል፤ አንዱም ትምህርቱን ትቶ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ስለዚህ አረጋውያንን መጦር የምሕረት ሥራ ብቻ ሳይሆን ነገ ቅዳሴ እንዳይቋረጥ መጠንቀቅም ነው። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ፣ አቅሙ ትንሽም ቢሆን፣ ለደከሙ አገልጋዮች መደበኛ ድርሻ ቢመድብ፣ የታመሙትንም በተራ የሚጠይቁ ምእመናንን ቢያሰማራ ይህ ይጀመራል።

ሦስተኛ፣ ድርቅና ግጭት ባለበት አካባቢ በብቸኝነት የሚያገለግሉትን አንርሳ። ጢሞቴዎስ እንዲመጣ የተለመነው ከክረምት በፊት ነበር፤ በክረምት የባሕር መንገድ ይዘጋልና። እኛም ከርቀት የሚያገለግሉ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን የምንጎበኘው፣ ደብዳቤ የምንጽፍላቸው፣ ቀለባቸውን የምናደርስላቸው መንገዱ ክፍት ሳለ ይሁን። ከዘገየ በኋላ የሚመጣ በርኖስ የሬሳ መገነዣ ከመሆን አያልፍም።

ሩጫውን የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው። እንዲጨርሱት ጸጋውን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ በርኖሱን ይዞ መድረስ ግን የእኛ ፈንታ ነው። የሰማዕታቱ የአባቶቻችን በረከት አይለየን፤ ለአገልጋዮቻችን ሁሉ ፍጻሜያቸውን ያሳምርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።