ቮልስ እና የወለቃ ዳገት

ከጎንደር ወጥቶ በወለቃ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚያቀናው መንገድ ሞተርን አጥብቆ ይፈትናል። ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 2,800 ሜትርን ያልፋል። ደባርቅ ላይ ውሃ ገና በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ራዲያተሩ የደከመ መኪና ዳገቱ ላይ እንፋሎት እየተፋ ቢቆም አያስደንቅም። ቮልስ ግን ራዲያተርም ውሃም የላትም።

ፌርዲናንድ ፖርሼ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የነደፋት ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው። አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመው ይሠራሉ፤ ሙቀታቸውን የሚያበርደው ማራገቢያ የሚገፋው አየርና የሞተሩ ዘይት ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ስትበራ «ባትሪ ነው፣ እደርሳለሁ» ማለት አይሆንም። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ግሎ ይበላሻል፤ ወዲያው ማቆም ነው።

የቮልስ 1200 ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ አለው። ጎንደር ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለም ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ዳገቱ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በትዕግሥት ነው የሚወጣው። ያም ሆኖ በ1948 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለችው ዝነኛዋ የስፖርት መኪና ፖርሼ 356 የተወለደችው ከዚችው ቮልስ ነው።

አመሏ ብዙ ነው፤ እኔም የምወዳት በአመሏ ነው። ሻንጣና ስኮርታ የሚቀመጡት ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው የስኮርታው አየር ነው። ከዚያ የቀደሙት የነዳጅ መለኪያ እንኳ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲያንገራግር ሾፌሩ ከእግሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ አዙሮ መጠባበቂያውን ይለቃል። በር አልዘጋ ሲል መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ አካሏ አየር ስለማያሳልፍ ነው። ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት ገብቶ በድንገት እግርን ከቤንዚን መስጫው ማንሣት ግን አደገኛ ነው፤ የድሮዎቹ የኋላ ጎማዎች ወደ ውስጥ ስለሚታጠፉ ኋላዋ ይወጣል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተቀመጡት በቮልስ የኋላ ወንበር ነበር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ ምርቷ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ቢቆምም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ትነዳለች። መግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሟ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንሥቶ ይይ። ባትሪው እዚያ ሥር ስለሆነ ወለሉ ብዙ ጊዜ በዝገት የሚበሳው በዚያ በኩል ነው።