«አለ» ውስጥ «በ» የት ጠፋች?

ቤቱ በጋሞኛ አድጎ አማርኛን ትምህርት ቤት ለሚማር የካምባ ልጅ ይሄ ግስ ፈተና ነው። «በል»፣ «ብሎ»፣ «ተባለ»፣ «አባባል» ሁሉም «በ» አላቸው፤ «አለ» ላይ ሲደርስ ግን የለችም! ቢጠይቅ «እንዲሁ ነው» ይባላል።

እንዲሁ አይደለም። በግዕዝ ግሱ «ብህለ» ነው። አማርኛ ውስጥ «ሀ» ጠፋች፣ «በ»ም ከአንዳንዱ ቅርጽ ወደቀች። ስለዚህ ልጁ ተሳስቶ «በለ» ቢል አትሳቁበት፤ ከእኛ ይልቅ ለሥሩ የቀረበው እሱ ነው። በየቀኑ የምናነሳው «ባህል»ም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ በግዕዝ «ንግግር፣ አባባል» ማለት ነው።

ግዕዝ ሌላም ጉድ አለው። ተራኪው «አለ» ለማለት የሚጠቀመው «ይቤ»ን ነው። ፊቱ ላይ «ይ» ስላለ «ይላል» ይመስላል፤ ግን ያለፈ ነው፦ እቤ (አልኩ)፣ ትቤ (አለች)፣ ይቤሉ (አሉ)። ሌሎች ግሶች የጣሉት የጥንት አረባብ ቅሪት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱም ገድሉም በእሱ የተሞላ ነው።

እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ሽማግሌ ግስ አለው፦ «ክዎስ»። ትርጉሙ «አለ» ነው፤ የቀረው ያለፈ ጊዜው ብቻ ሲሆን ተናጋሪውን ከኋላው ያስከትላል። ኤድጋር አለን ፖ በ1845 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቁራው ግጥም፣ ወፉ ሲናገር የሚመጣው ይሄው ግስ ነው። ያኔም አርጅቶ ነበር። እናንተ ግን ፈተና ላይ እንዳትጽፉት!