ከጆሮ እስከ ሳንባ፦ የውሻና የድመት የጆሮ፣ የአፍንጫና የአተነፋፈስ ሕመሞች



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በየቤቱ የሚታይ ጉዳይ ነው። ጆሮዋን ስታክ የምትውል ድመት፣ ንፍጥ የሚወርደው ውሻ፣ ሲያንኮራፋ የሚያድር ቡችላ ያላየ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የተለመደ በመሆኑም ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ይታለፋል፤ ካልሆነም ለሰው የተገዛ መድኃኒት ከመሳቢያ ወጥቶ ይሰጣል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከመድኃኒቱ ስም በፊት መታወቅ ያለበት የሕመሙ ቦታ ነው። ማከክ፣ ማስነጠስና ማለክለክ ምልክቶች እንጂ በሽታዎች አይደሉም። ቦታውን ሳይለዩ ምልክቱን ማከም እንስሳውን ይጎዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የባለቤቱን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ማጋነን እንዳልሆነ ወደ ማብቂያዬ ላይ አሳያለሁ።

ከጆሮ ልጀምር። የሰው የጆሮ ቦይ አጭርና ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነው። የውሻና የድመት ግን በመጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያም እንደ ታጠፈ ክርን ወደ ውስጥ ይዞራል። የጆሮ ታምቡሩ የሚገኘው ከዚህ መታጠፊያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ከውጭ ቆመን የምናየው የቦዩን አፍ ብቻ ነው። እርጥበትና ኩክ በቀላሉ ወደ ታች ወርደው ይጠራቀማሉ፤ ለመውጣት ግን ሽቅብ መጓዝ አለባቸው። በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ጆሮ የሚያጸዳ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

የጆሮ ሕመም ሲገጥመን እሳቱን የለኮሰውንና እሳቱን የሚያቀጣጥለውን ለይተን ማወቅ ይኖርብናል። ባክቴሪያና ማላሴዚያ የተባለው እርሾ በጤናማ ጆሮ ውስጥም በጥቂቱ ይኖራሉ፤ የሚበዙት ሌላ ነገር ቆዳውን ሲያስቆጣው ነው። በውሻ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ቆስቋሽ አለርጂ ነው፤ ምክንያቱም የጆሮ ቦይ የቆዳ አካል ነው። እንግዲህ በጠብታ ድኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚመለስ ሕመም ሲያጋጥመን «የትኛው ጠብታ ይበልጣል?» ብለን አንጠይቅም። «መዳፉን ይልሳል? ብብቱን ያካል? ምን ይመገባል?» ብለን እንጠይቃለን። ሕመሙ በአንድ ጆሮ ብቻ በድንገት ከመጣ ደግሞ ሹል የሣር ዘር ወይም መዥገር ገብቶ እንደሆነ መፈለግ ተገቢ ነው።

በድመት በተለይም በግልገሎች ላይ ዋነኛው ምክንያት ኦቶዴክተስ ሳይኖቲስ የሚባል ጥቃቅን የጆሮ ተባይ ነው። ምልክቱ ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው፦ በጆሮው ውስጥ የደረቀ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ይታያል። ተባዩ ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል ለመድረስ 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ቀን ተጀምሮ የሚቋረጥ ሕክምና ከንቱ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍም በቤቱ ያሉት ድመቶችና ውሾች ሁሉ አብረው መታከም አለባቸው።

ጠብታ ከመጨመሩ በፊት በኦቶስኮፕ ታምቡሩን ማየት የምናስገድደው ለምንድን ነው? ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቀው የመስማትንና ሚዛን የመጠበቅን አቅም ሊያጠፉ ይችላሉ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ዓይኑ ያለፈቃዱ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ እንስሳ ሕመሙ ከውጭው ቦይ አልፎ ወደ ውስጥ መግባቱን እየነገረን ሊሆን ይችላል። የዚህ እንስሳ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

ወደ አፍንጫ እንለፍ። እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፈሳሹ ከአንዱ ቀዳዳ ነው ወይስ ከሁለቱም?» የሚል ነው። ከአንዱ ብቻ ሲሆን የገባ ባዕድ ነገርን፣ በላይኛው ጥርስ ሥር የቋጠረ መግልን፣ ፈንገስን፣ በዕድሜ በገፉት ላይም ዕጢን እንጠረጥራለን። ከሁለቱም ሲሆንና ዓይንም አብሮ ሲያለቅስ በድመት ላይ በቅድሚያ የምናስበው ሁለት ቫይረሶችን ነው፦ ሄርፐስንና ካሊሲን። ካሊሲ ብዙ ጊዜ ምላስ ላይ ቁስል ያወጣል። ሄርፐስ ደግሞ ከዳነች በኋላም በድመቷ አካል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ቤት ስትለውጥ፣ ስትወልድ ወይም ሌላ ጭንቀት ሲገጥማት ይቀሰቀሳል። ክትባቱ በሽታው እንዳይጸና ያደርጋል እንጂ ቫይረሱን ፈጽሞ አያግድም።

አፍንጫዋ የተዘጋ ድመት የምትታመመው በቫይረሱ ብቻ አይደለም። ድመት የምትበላው አሽትታ ነው፤ ማሽተት ካልቻለች ምግቡን ትተወዋለች። ለተከታታይ ቀናት ሳትበላ ከቆየችም ስብ በጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። አፍንጫዋን በለብ ያለ ውኃ በራሰ ጨርቅ መጥረግና ምግቧን ትንሽ አሙቆ ሽታውን ማጠንከር ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ትልቅ እርዳታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ለጉንፋን ተብሎ ፓራሲታሞል ለድመት መስጠት መርዝ መስጠት ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያረክስበት ኬሚካዊ መንገድ እጅግ ደካማ ነው። ውጤቱም ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን መሸከም ይሳናቸዋል፤ ድዷ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ትንፋሿም ይጨንቃል። ለአዋቂ ሰው የተሠራች አንዲት እንክብል አንዲትን ድመት ለመግደል ትበቃለች።

የውሻ ነስርም የአፍንጫ ሕመም ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በቡናማው የውሻ መዥገር የሚተላለፈው ኤርሊኪያ ካኒስ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ የአይጥ መርዞችም የደምን መርጋት ያግዳሉ። ደሙ በአፍንጫ ይውጣ እንጂ የሕመሙ ምንጭ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ክፍል አተነፋፈስ ነው። የትኛውም ባለቤት ያለ አንዳች መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ አለ። እንስሳው ተኝቶ ሳለ የደረቱን መነሣት ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ነው። በጤናማ ውሻና ድመት ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ30 በታች ነው። በየጊዜው ከዚያ እያለፈ ከሄደ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ቀድሞ እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ውሻ ሙቀት ለማውጣት አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው። ድመት ግን ዕረፍት ላይ ሆና አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ጉዳዩ የድንገተኛ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለችውን ድመት ለምርመራ ብሎ በግድ መያዝ በራሱ ሊገድላት ስለሚችል በቅድሚያ ጸጥታና ኦክስጅን ያስፈልጓታል። ድምፁና ጊዜውም ቦታውን ያመለክታሉ። አየር ሲገባ የሚሰማ ጩኸት ችግሩ በአፍንጫ፣ በጉሮሮ ወይም በማንቁርት መሆኑን ይጠቁማል። አየር ሲወጣ የሚታይ ትግል ወደ ታችኞቹ የሳንባ ቧንቧዎች ይመራናል፤ ለምሳሌ ወደ ድመት አስም። ብዙዎች ይህን ሳል የተዋጠ ፀጉር ለማውጣት የሚደረግ ትግል ይመስላቸዋል። ፈጣንና አጭር ትንፋሽ ደግሞ ሳንባውን ፈሳሽ ወይም አየር ከውጭ እየተጫነው እንደሆነ ያስጠረጥራል።

እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾችን ማንኮራፋት እንደ ጨዋታ የሚያዩ አሉ። በእነዚህ ዝርያዎች የራስ ቅሉ አጠረ እንጂ በውስጡ ያለው ሥጋ በዚያው መጠን አልቀነሰም፤ ስለዚህ የአፍንጫው ቀዳዳ ጠባብ፣ ለስላሳው ላንቃ ረጅም ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤናማ እንስሳ ይህን ይለምደዋል፤ በጠባብ አፍንጫ ለሚተነፍስ ወፍራም ውሻ ግን ተጨማሪ ሸክም ነው።

በመጨረሻ ቃል ወደ ገባሁበት ነገር ልመለስ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ምግብ መዋጥ ያቃተው፣ ጩኸቱ የተለወጠ፣ መንጋጋው የወረደ ውሻ ሲታይ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት ነው» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ የተለመደ ነው። እነዚህ ምልክቶች ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶችም ናቸው። በሽታው ሁልጊዜ በቁጣና በንክሻ አይገለጥም፤ ጸጥ ብሎ ሽባ የሚያደርግ መልክም አለው። ክትባቱ ያልተረጋገጠ ውሻ እንዲህ ሲሆን ባዶ እጅ ወደ አፉ አይገባም፤ እንስሳው ተለይቶ ይቆያል፤ ባለሙያም ይጠራል። ምራቁ ቁስል ወይም የተጫረ ቆዳ የነካው ሰው ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን እጅግ አዳጋች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየክሊኒኩ ስትቆሙ ባለቤቱ መድኃኒት እንድትሰጡት ይቸኩላችኋል። እናንተ ግን በየትኛው በኩል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ዓይነት ድምፅ ብላችሁ ጠይቁ። እንስሳው ስለማይናገር መልሱን የሚሰጣችሁ እርሱን ሲያስተውል የከረመው ሰው ነውና በትዕግሥት አዳምጡት።