ግድግዳውን ማን አስረጀው?

የጁቤ ላይ ከወላጆቼ የወረስኩት ቤት አለኝ፡፡ በምሥራቅ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን ወረዳ እንዳሉት ብዙ ቤቶች ቋሚውና ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ምርጊቱ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው፡፡ አንድ መምህር ከነቤተሰባቸው ተከራይተውት ይኖሩ ነበር፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደወሉልኝና “ግድግዳው አርጅቷል፤ ልጆቹ በተደገፉት ቁጥር አፈር ይራገፋል” አሉኝ፡፡ እኔም ከአዲስ አበባ ሆኜ “በሲሚንቶ ይለሰንና ዘይት ቀለም ይቀባ” ብዬ ወሰንኩ፡፡ ቤቱ አማረ፡፡ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ግን ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላጠ፡፡ ይባስ ብዬ የወጪውን ግማሽ ከመምህሩ ጠየቅሁ፡፡ መልሳቸው አጭር ነበር፤ “ጋሼ፣ ግድግዳውን እኔ አላስረጀሁት፡፡”

በመጀመሪያ ልስኑ ለምን ወደቀ? ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፡፡ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል፣ ይለያያል፡፡ ዘይት ቀለሙ ደግሞ እርጥበቱ እንዳይተን ያፍነዋል፡፡ የዶሮ ሽቦ ቢመታበትም ልስኑን ለጊዜው ይይዘው እንደሆን እንጂ እርጥበቱን አያስቀረውም፡፡

ስለዚህ እድሳት የሚጀመረው ከቀለም ሳይሆን ከውኃ ነው፡፡ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ይጠገናል፣ አሸንዳ ይሠራል፣ ጎርፉ ከግድግዳው ሥር እንዲርቅ ቦይ ይቆፈራል፡፡ ከዚያ የላላው ምርጊት ተፋቅሮ ይወርዳል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የሰነበተ ጭቃ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ይመረጋል፡፡ ጊዜው በጋ ቢሆን ይመረጣል፡፡ በመጨረሻ ኖራ ይቀባል፤ ኖራ ቤቱን ያበራል፣ እርጥበትንም አያፍንም፡፡ ቆዳና ዐይን ስለሚያቃጥል ግን ቀቢው ይጠንቀቅ፡፡ ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ለብሎኬት ቤት ይሁንላቸው፡፡

አሁን ወደ መምህሩ መልስ ልመለስ፡፡ ሕግ ተምሬ ሳለሁ ሕጉን ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው፡፡ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተከራይን ለአንዳንድ ጥቃቅን ጥገናዎች ኃላፊ ቢያደርገውም፣ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣውን ብልሽት ግን አያሸክመውም፡፡ ተከራይ ሚስማር መትቶ ላፈረሰው ይጠየቃል፤ አርባ ክረምት ላፈረሰው ግን አይጠየቅም፡፡

ምክሬም ይኸው ነው፡፡ ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት ወረቀት ይቅደም፡፡ የግድግዳው ሁኔታ በፎቶግራፍ ይያዝ፡፡ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ተከራይ ካወጣ ከኪራዩ እንዴት እንደሚታሰብለት ይጻፍ፡፡ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አለማነስ አለበት፡፡ እዚያ ላይ ስለ እድሳት ሁለት መስመር መጨመር ለማንም አይከብድም፡፡

እኔ የጠየቅሁትን ግማሽ ትቼ ግድግዳውን በጭድና በጭቃ አስመረግሁት፤ ኖራም አስቀባሁት፡፡ የቀጣዩ ክረምት ሲወጣ ለመምህሩ ደወልኩ፡፡ “ጋሼ፣ አሁን ልጆቹ ይደገፉታል” አሉኝ፡፡