መርከብ ከመርከብ ሲጋጭ ዕዳው የማን ነው?
በክላይድ ወሽመጥ ስለ ሰጠመችው ቫልኪሪና ስላስነሣችው ክርክር

በስኮትላንድ አገር፣ ግላስጎ ከሚባለው ከተማ በታች፣ የክላይድ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ሰፊ ወሽመጥ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 5 ቀን 1894 ዓ.ም. በዚህ ወሽመጥ ላይ የታላላቅ ሸራ መርከቦች እሽቅድምድም ሊደረግ ተወስኖ ስለ ነበረ፣ ባሕሩ ተመልካች በጫኑ ጀልባዎችና በእንፋሎት በሚሄዱ መርከቦች ተሞልቶ ነበር። ውድድሩን ያዘጋጀው መድሁክ የተባለው የመርከብ ክበብ ነው። ከተወዳዳሪዎቹም መካከል የኧርል ኦፍ ደንሬቨን መርከብ ቫልኪሪ ሁለተኛና የሚስተር ክላርክ መርከብ ሳታኒታ ይገኙ ነበር።

ሁለቱም መርከቦች በ1893 ዓ.ም. የተሠሩ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸውና ስማቸው የተጠራ ነበሩ። ቫልኪሪ በተሠራችበት ዓመት የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግራ በኒው ዮርክ አጠገብ ስለ አሜሪካ ዋንጫ ከቪጂላንት ጋር ተወዳድራ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትላ ተሸንፋ ተመልሳለች። ሳታኒታ ደግሞ ከጓደኞቿ ሁሉ የረዘመች ስለ ሆነች በቀጥታ ስትሮጥ የሚደርስባት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ርዝመቷ በጠባብ ቦታ ቶሎ እንዳትዞር ያደርጋት ነበር።

የሸራ መርከብ እሽቅድምድም እንደ ፈረስ ግልቢያ ቆመው የሚነሡበት አይደለም። መርከቦቹ የመነሻው መድፍ እስኪተኰስ ድረስ ከመስመሩ ኋላ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይዞራሉ፤ መድፉ ሲሰማ በሙሉ ፍጥነት መስመሩን የምታልፈው መርከብ ብዙ ትጠቀማለች። ከመድፉ በፊት ያለፈችው ግን ተመልሳ እንደ ገና ትጀምራለች። ስለዚህ በመነሻው ሰዓት ብዙ መቶ ክንድ ካሬ ሸራ የዘረጉ ከባድ መርከቦች በአንድ ጠባብ ስፍራ ይተራመሳሉ። ሞተር ያለው መርከብ መዘውሩን ወደ ኋላ አዙሮ ሊቆም ይችላል፤ የሸራ መርከብ ግን ልጓም የላትም። ይህን በሳምቡክ ዕቃ የጫነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህም ነው የእሽቅድምድም ደንብ አስቀድሞ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የወሰነው። ነፋስን በግራ ጐኗ የምትቀበል መርከብ በቀኝ ጐኗ ለምትቀበለው ትለቃለች፤ ሁለቱም በአንድ ወገን የተቀበሉ እንደ ሆነ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለችው ከታች ላለችው ትለቃለች። በጽሑፍ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በባሕር ላይ ግን ውሳኔው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይደረጋል።

በዚያ ቀን ሳታኒታ በብርቱ ነፋስ ስትገሠግሥ ተመልካቾች የያዘች አንዲት ትንሽ ጀልባ በፊቷ ተገኘች። መሪውን የያዘው ሰው በጀልባይቱ ያሉትን ሰዎች እንዳያጠፋ አቅጣጫውን ለወጠ። ጀልባይቱ ዳነች፤ ሳታኒታ ግን ወደ ቀድሞ መንገዷ ልትመለስ ስላልቻለች የቫልኪሪን ጐን በአፍንጫዋ ወግታ ሰነጠቀችው። ያች አሜሪካ ደርሳ የተመለሰች መርከብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ከቫልኪሪ መርከበኞችም አንዱ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። በሕግ መጻሕፍት ይህ ነገር ሲነሣ የሚወሳው የመርከቢቱ ዋጋ ነው፤ የሟቹ መርከበኛ ነገር ግን እምብዛም አይነሣም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከባሕር ወደ ፍርድ ቤት ተሻገረ። ኧርል ኦፍ ደንሬቨን የመርከባቸውን ሙሉ ዋጋ ጠየቁ። ሚስተር ክላርክም መርከባቸው ጥፋተኛ መሆኗን ሳይሆን የሚከፍሉትን ልክ ተከራከሩ። በ1862 ዓ.ም. በወጣው የእንግሊዝ የመርከብ ሕግ መሠረት፣ ግጭቱ ባለቤቱ ራሱ ባደረገው ጥፋት ያልመጣ እንደ ሆነ፣ ለዕቃ ጉዳት የሚጠየቀው በመርከቡ ክብደት ለያንዳንዱ ቶን 8 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት የሚገኘው ገንዘብ ከሰጠመችው መርከብ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን ሕግ ለባለጠጎች ጥቅም ብቻ የወጣ አድርጎ መገመት አይገባም። የንግድ መርከብ ባለቤት ንብረቱን ለካፒቴን አስረክቦ ወደ ሩቅ ባሕር ይልካል፤ በዚያ በሚሆነው ስሕተት ቤቱና ሀብቱ ሁሉ የሚወሰድበት ከሆነ ገንዘቡን በመርከብ ላይ የሚያውል ሰው አይገኝም። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም የመርከብ ባለቤትን ኀላፊነት በልክ የሚወስን ክፍል አለው። ክርክሩ እንግዲህ ለጨዋታ የወጣ መርከብ በዚህ መጋረጃ ሊከለል ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነበረ።

የደንሬቨን ጠበቆች መልሳቸውን ያገኙት ከአንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ለውድድሩ የተመዘገበ እያንዳንዱ ባለመርከብ ለክበቡ ጸሐፊ በጻፈው ማመልከቻ፣ በመርከብ እሽቅድምድም ማኅበር ደንብ እንደሚገዛ በፊርማው አረጋግጦ ነበር። በደንቡም ውስጥ፣ ደንብ አፍርሶ ሌላውን መርከብ የጐዳ ሰው የደረሰውን ጉዳት ሁሉ እንዲከፍል የሚያዝ አንቀጽ ይገኝ ነበር። «ጉዳቱን ሁሉ» የሚለው ቃል፣ ሕጉ የሰጠውን የ8 ፓውንድ ልክ በፈቃድ መተው ማለት ነው ሲሉ ጠበቆቹ ተከራከሩ።

የክላርክም ወገን የሰጠው መልስ ቀላል የሚባል አልነበረም። ደብዳቤውን የጻፍሁት ለክበቡ ነው፤ ከኧርል ጋር አልተነጋገርሁም፣ አልተዋዋልሁም፤ ሳንነጋገር ውል ከየት መጣ? የሚል ነው። ማናቸውም ነጋዴ ይህን ጥያቄ ቢሰማ ቆም ብሎ ያስብበታል፤ ውል ማለት አንዱ ሲያቀርብ ሌላው ሲቀበል ነውና።

የመጀመሪያው ዳኛ ለክላርክ ፈረዱ። ኧርል ይግባኝ ብለው በ1895 ዓ.ም. ሎርድ ኢሸር የተቀመጡበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው። ክላርክም በበኩላቸው ነገሩን ወደ ሎርዶች ምክር ቤት አደረሱት፤ ሎርድ ሆልስበሪና ሎርድ ሄርሽል ከነበሩበት ከዚህ ከፍተኛ ችሎት ግን ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም። ፍርዱም በ1897 ዓ.ም. የፍርድ መዝገብ ታትሞ ይገኛል። የዳኞቹ አሳብ ይህ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አንዱን ደንብ ዐውቀው፣ ሌላውም እንደዚሁ እንደሚገዛበት ተረድተው ወደ ውድድሩ ከገቡ፣ ደብዳቤው ለማንም ይጻፍ፣ እርስ በርሳቸው ተዋውለዋል። ስለዚህ ክላርክ የጉዳቱን ሙሉ ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ሕግ የሚማር ተማሪ ሁሉ ስለ ውል አመሠራረት ሲያጠና የሳታኒታን ስም ሳያነብ አያልፍም።

ነገሩን የሚያስገርመው ክርክሩ ገና ሳይፈጸም ኧርል ራሳቸው በተከሳሽ ወገን መቆማቸው ነው። በሴፕቴምበር 1895 ዓ.ም. በአዲሲቱ መርከባቸው በቫልኪሪ ሦስተኛ እንደ ገና ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ከዲፌንደር ጋር ተወዳደሩ። በሁለተኛው ቀን ውድድር፣ መነሻው ላይ፣ ተመልካች የጫነ የእንፋሎት መርከብ በሁለቱ መካከል ገባ። እርሱን አልፈው እንደ ገና ሲቀራረቡ፣ የቫልኪሪ ሸራ የተዘረጋበት ረጅም አግዳሚ እንጨት የዲፌንደርን ምሰሶ የሚደግፈውን የብረት ገመድ ይዞ ነቀለው። ዲፌንደር ምሰሶዋ ተጐድቶ ሳለ እስከ መጨረሻው ተጓዘች፤ በሂሳብም የተሸነፈችው በ47 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ነገር ግን አቤቱታ ስላቀረበች የውድድሩ ዳኞች ጥፋቱ የቫልኪሪ ነው ብለው ድሉን ለዲፌንደር ሰጡ።

ኧርል በዚህ ፍርድ አልተደሰቱም። በሦስተኛው ቀን የመነሻውን መስመር ካለፉ በኋላ መርከባቸውን መልሰው ከውድድሩ ወጡ፤ የተመልካች መርከቦች ብዛት መንገድ አሳጣኝ ሲሉ አስቀድመው አጥብቀው ይናገሩ ነበር። በዚህም ነገር እውነት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ በክላይድም ሆነ በኒው ዮርክ የመከራው መነሻ የተመልካች ጀልባ ነውና። ይሁን እንጂ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አሜሪካኖቹ በስውር ክብደት ጨምረዋል ብለው በጽሑፍ ከሰሱ። የኒው ዮርክ ክበብም የባንክ ባለቤቱ ጄ. ፒ. ሞርገንና የባሕር ኃይል ታሪክ ጸሐፊው ማሃን ያሉበትን የመርማሪዎች ጉባዔ አቁሞ ክሱ መሠረት የለውም ሲል ወሰነ፤ በ1896 ዓ.ም. የኧርልን ስም ከክብር አባልነት ሰረዘው።

በ1992 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሳን ትሮፔ በተደረገው ውድድር ደግሞ በ1934 ዓ.ም. የተሠራችው ኤንዴቨር ከሌላ የሸራ መርከብ ጋር ተጋጨች። ክርክሩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ዳኛ ለመርከብ ሁሉ በወጣው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ጥፋቱን አከፋፍሎ ፈረደ። የቦስተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ1995 ዓ.ም. ይህን ሽሮ፣ ወደ ውድድር በፈቃዱ የገባ ሰው የሚዳኘው በገባበት በውድድሩ ደንብ ነው አለ፤ የሳታኒታንም ፍርድ አነሣ። በዚያው ዓመት በዚያው በሳን ትሮፔ አንዲት ትልቅ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ከትንሽ የውድድር ጀልባ ጋር ተጋጭታ ሰው ስለ ሞተ፣ ውድድሩ ተቋርጦ እስከ 1999 ዓ.ም. አልተደረገም፤ ሲመለስም በሌላ ስም ነበር።

የዛሬው ዓለም አቀፍ የእሽቅድምድም ደንብ መንገድ የሚገባትንም መርከብ ቢሆን ግጭትን እንድትሸሽ ያስገድዳታል፤ መብት አለኝ ብላ ዝም ብላ የተመታች መርከብ ራሷ ትጠየቃለች። የካሣውን ነገር ግን ደንቡ ለየአገሩ ማኅበር ትቶታል። ስለዚህ በብዙ ታላላቅ ውድድሮች ባለመርከቡ ከማመልከቻው ጋር፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል የመድን ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ወረቀቱን ያላቀረበ መርከብ ወደ መነሻው መስመር አይቀርብም።