በጥፍር ስፋት ላይ ሁለት ኩንታል

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቦስተን ውስጥ ለአንዲት አዛውንት ሰው ሠራሽ የዳሌ ኳስ ገባላቸው። ብረቱ ውስጥ ግፊት የሚለኩ፣ ውጤቱንም በሬዲዮ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን መሣሪያዎች ነበሩ። ኳሱ የሚጫነው ግን በሴትዮዋ በራሳቸው ልም አጥንት ላይ ነው። ሲራመዱም ደረጃ ሲወጡም ተለካ፤ ትልቁ ቁጥር የመጣው ከወንበር ሲነሡ ነው። በ1986 የታተመው ዘገባ 18 ሜጋፓስካል ይላል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 180 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው፤ ሁለት ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ጤፍ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ እንደማቆም።

ይህን የሚችለው ልም አጥንት ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል፤ ቅልጥም ስንግጥ አጥንቱ ጫፍ ላይ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ሲሆን፣ ሕያዋን ሕዋሳቱ ከይዘቱ 2 በመቶ ገደማ ቢይዙ ነው። የቀረው እነሱ ያነጹት የኮላጅን መረብና በመረቡ የተያዘው ነገር ነው። መረቡ ደግሞ አይታደስም ማለት ይቻላል። የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አየር ላይ የረጩትን ካርቦን በሰው ጉልበት ውስጥ የፈለጉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳወቁት፣ በአዋቂ ሰው ልም አጥንት ውስጥ አዲስ የሚተካ ኮላጅን የለም ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። የሰባ ዓመት አዛውንት ዛሬም የቆሙት ለጋ ሳሉ በተሠራ ኮላጅን ላይ ነው።

እዚያ ውስጥ አንድም የደም ሥር የለም፤ ነርቭም የለም። ታዲያ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም የማትበልጠው ሕዋስ ምን በልታ ትኖራለች? ስንረግጥ ፈሳሹ ይወጣል፣ እግራችንን ስናነሣ ይመለሳል፤ ምግቧ አብሮት ይገባል። ለወራት ያልተረገጠ እግር ልም አጥንቱ የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሸክሙ ቀለቧ ነው፣ ልክ እስካለው ድረስ።

ደም አለመግባቱም እንዲያው የሆነ አይደለም፤ ልም አጥንት የደም ሥርን ያባርራል። ሄንሪ ብሬምና ጁዳ ፎክማን በ1975 ጥንቸል ዓይን ውስጥ ዕጢና የልም አጥንት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ ወደ ዕጢው ይገሠግሡ የነበሩ የደም ሥሮች ተገትተዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሸክሙ ልኩን ሲያልፍ የሚሆነው ነው። በ2004 ጀርመን ውስጥ የልም አጥንት ቁራጮችን ከመጠን በላይ የጨመቁ ተመራማሪዎች፣ ሕዋሳቱ ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ማመንጨት እንደጀመሩ አዩ። ቪኢጂኤፍ የደም ሥር መጥሪያ ነው። ጥሪውን የሚያስነሣው፣ ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጥራት የሚነቃ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ የዚህ የኦክስጅን መቆጣጠሪያ አሠራር ግኝት በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ዕድሜ ልኳን ያለ ደም የኖረች ሕዋስ ሲጨንቃት ደም ትጠራለች!

ጥሪው ለሰውነታችን እንግዳ አይደለም። ልጅ ቁመት የሚጨምረው በዚሁ ነው፤ በአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ያሉ የልም አጥንት ሕዋሳት ያብጣሉ፣ ቪኢጂኤፍ ይለቃሉ፣ የደም ሥር ይገባል፣ ቦታው አጥንት ይሆናል። ለአሥር ዓመት ልጅ በረከት ነው። በስልሳ ዓመት ጉልበት ውስጥ ሲደገም ግን የደም ሥሩ ከታች ካለው አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ ነርቭም ተከትሎት ይመጣል፤ ሕመም የማያውቀው ቦታ መታመም ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ኦስቲዮአርትራይተስ የተባለው ይህ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 528 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ በብዛት የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንቶች የተሳተፉበት የ2005 የአሜሪካ ጥናት ደግሞ፣ ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ 4 ኪሎ ያህል እንደሚቀል አስልቷል።