አሉሚኒየም ፎስፋይድ፦ በቡና አገር መጋዘኖች የሚሠራው መርዛማ ክኒን

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ ማለትም አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሸቤ፣ ወደ ከፋም ሲሻገሩ ቦንጋ፣ ስማቸው የሚነሳው በቡናቸው ቢሆንም የብዙው ገበሬ ቤተሰብ ክረምቱን የሚሻገረው በበቆሎው ነው። ሁለቱም ምርቶች ከማሳ ወጥተው እስኪሸጡ ወይም እስኪበሉ ድረስ በጎተራ፣ በጆንያና በመጋዘን ወራትን ያሳልፋሉ፤ የአካባቢው ሞቅ ያለና እርጥበት የማያጣው አየር ደግሞ ለቡናው ዛፍ የተመቸውን ያህል እህል ለሚበሉ ነፍሳትም የተመቸ ነው። ከእነዚህ ነፍሳት ጋር በሚደረገው ትግል ዋናውን ቦታ የያዘው፣ በንግድ ስሙ ፎስቶክሲን ወይም ሴልፎስ እየተባለ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ በአግባቡ ሲያዝ አንድን ሙሉ መጋዘን ከነቀዝ የሚያጸዳ፣ ያለ አግባብ ሲያዝ ግን አንድን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ የሚችል ኬሚካል ነው።

ይህን ያህል ብርቱ መርዝ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የነቀዝን አኗኗር ማየት ይበቃል። እንስቷ የበቆሎ ነቀዝ በረዘመው አፏ ፍሬውን ትቦረቡርና በቀዳዳው ውስጥ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ፣ ከራሷ በምታመነጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ትደፍነዋለች፤ ትሉም ተፈልፍሎ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድግና አየሩ በሞቀበት አገር ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ጎልማሳ ነቀዝ ሆኖ፣ ልጡን በስቶ ይወጣል። በእህሉ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ከውጭ የሚርመሰመሰውን ቢገድል እንኳ በፍሬው ሆድ የተደበቀውን ትል አያገኘውም። የቡናም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በሚገባ ባልደረቀ ጀንፈል ውስጥ የሚራባ የራሱ ነቀዝ አለው። ወደ ፍሬው ውስጥ ዘልቆ ሁሉንም ሊደርስበት የሚችለው መርዝ ጋዝ ብቻ ነው።

አሉሚኒየም ፎስፋይድ የአሉሚኒየምና የፎስፎረስ ውህድ ሲሆን፣ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለእህል ጥበቃ እንዲውል አድርገው አዘጋጁት። አየር በማያስገባ የብረት ብልቃጥ ታሽጎ የሚቀርበው ባለ 3 ግራም ግራጫ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ቀስ በቀስ እየፈረሰ 1 ግራም ያህል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ በስተመጨረሻ የሚቀረውም አመድ የመሰለ የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ብናኝ ነው። ፎስፊን በአየር ውስጥ መጠኑ ከ1.8 በመቶ ገደማ ሲያልፍ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ አምራቾች ከክኒኑ ጋር አሞኒየም ካርባሜት የተባለ ጨው ይቀላቅላሉ፤ ጨው ሲበተን የሚያወጣው አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳቱን አደጋ ይቀንሳል፣ የአሞኒያው ሽታም እንደ ማስጠንቀቂያ ያገለግላል።

ቀድሞ በዓለም መጋዘኖችና ወደቦች በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገሮችም ከኳራንቲንና ጭነት ከመላኩ በፊት ከሚደረግ ሕክምና በስተቀር እ.ኤ.አ. በ2015 መጠቀማቸውን እንዲያቆሙ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ የነፍሳቱ ጉዳይ ይበልጡን የወደቀው በፎስፊን ላይ ነው። ነጋዴውም ይወደዋል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ማሽን አይጠይቅም፣ መጋዘኑ በሚገባ ሲናፈስ ጋዙ ከእህሉ ወጥቶ ይሄዳል።

ፎስፊን የሚገድለው ሕዋሳት ኦክስጅንን ተጠቅመው ኃይል የሚያመነጩበትን ማይቶኮንድሪያ የተባለ ክፍል በማሰናከል ነው፤ ይህ አሠራር ደግሞ በነቀዝም፣ በአይጥም፣ በሰውም ያው ስለሆነ ጋዙ ማንንም አይመርጥም። ከሁሉ ቀድመው የሚጎዱት ብዙ ኃይል የሚፈልጉት የልብ፣ የሳንባና የአንጎል ክፍሎች ናቸው። ለሠራተኛ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው አማካይ መጠን ከሚሊዮን የአየር እጅ 0.3 እጅ ሲሆን፣ 50 እጅ ሲደርስ ሕይወትን ወዲያውኑ ለአደጋ የሚያጋልጥ ተብሎ ይመደባል። በሰፊው የሚነገረው «የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ካልመጣ ችግር የለም» የሚለው አባባል እጅግ አሳሳች ነው፤ ንጹሕ ፎስፊን ሽታ የለውም፣ የሚሸተው አብሮት ያለው ቆሻሻ ነው፣ ያንንም እህሉና ጆንያው ሊውጡት ስለሚችሉ ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አፍንጫ መሣሪያ አይሆንም፤ መሣሪያው የጋዝ መለኪያ ነው።

በሚገባ የሚሠራ መጋዘን ውስጥ ሥራው የሚጀመረው ክኒኑ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነው። ጆንያዎቹ በርብራብ ላይ ይደረደራሉ፣ ቁልሉ ጋዝ በማያሳልፍ ሸራ ይሸፈናል፣ የሸራው ጠርዝም አሸዋ በተሞሉ ረዣዥም ጠባብ ከረጢቶች ከወለሉ ጋር ይጣበቃል፤ ፎስፊን መዳብን ክፉኛ ስለሚበላ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይወጣሉ ወይም ይሸፈናሉ። ብልቃጡ የሚከፈተው ውጭ ወይም ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ፊትን በማዞር፣ ለፎስፊን የተሠራ ማጣሪያ ያለውን የጋዝ ጭምብልና ደረቅ የጥጥ ጓንት በማድረግ ነው። ክኒኖቹ እርስ በርስ ሳይነባበሩ በሳህን ላይ በአንድ ረድፍ ይዘረጋሉ፤ ከተከመሩ ሙቀት ፈጥረው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ፣ ውኃ ከነካቸው ደግሞ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ፣ ጅማ በክረምት ምን ያህል ዝናብ እንደምታገኝ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሥራውን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም፤ በሩ ሲዘጋም የራስ ቅል ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ ዘበኛውም ከመጋዘኑ ርቆ ይቀመጣል።

ሸራው እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ከ5 እስከ 10 ቀን ተዘግቶ መቆየት አለበት፤ ምክንያቱም እንቁላሉና ከትልነት ወደ ጎልማሳነት የሚሸጋገረው ነፍሳት ከጎልማሳው ይልቅ ጋዙን ይቋቋማሉ። ከዚያ በኋላ በሮች ተከፍተው መጋዘኑ ይናፈሳል፣ መለኪያውም ከ0.3 እጅ በታች ማሳየቱ ሳይረጋገጥ ጫኝና አውራጅ አይገባም። የቀረው ብናኝ ያልተፈታ ቅሪት ስለሚኖረው በፌስታል ወይም በክዳን በሚዘጋ ዕቃ አይጠራቀምም፤ የሠለጠነው ባለሙያ ሜዳ ላይ አውጥቶ ያስወግደዋል። እሳት ቢነሳ በደረቅ አሸዋ ወይም በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ እንጂ በውኃ አይሞከርም።

ትልቁ አደጋ ግን ያለው በእነዚህ መጋዘኖች አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙ ገበያዎች ክኒኑ ከብልቃጡ እየወጣ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በፍሬ እየተቆጠረ ሲሸጥ ይታያል፤ ገዢውም ወስዶ ሰው በሚተኛበት ክፍል ጥግ በተደረደረው የበቆሎ ጆንያ ውስጥ ይከተዋል። በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ጋዝ አያግድም፣ ተራ ጆንያም አያግድም፤ ፎስፊን ከአየር በመጠኑ ስለሚከብድ በወለል ላይ መደብ ወይም ምንጣፍ ላይ የሚተኙትን ሕፃናት ያገኛል። በቀርከሃና በጭራሮ የተጠለፈው ጎምቢሳ የሚባለው ጎተራ ደግሞ እህሉ እንዲናፈስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጋዙ ሳይሠራ ያመልጣል፤ የሚሞተው ደካማው ነቀዝ ብቻ ሲሆን የተረፈው እየተራባ መድኃኒቱን የለመደ ዘር ያበዛል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ዓለም አቀፍ ጥናት ፎስፊንን የለመዱ ነፍሳት መኖራቸው አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚደረገው አጠቃቀም ሰውን ለሞት እያጋለጠ ለነቀዙ የሚጠቅም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለቡና ነጋዴ ሌላም ማሰሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር የተባሉ የፀረ ተባይ ቅሪቶችን በማግኘቷ ወደዚያ ይላክ የነበረው ቡና በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ጥርጣሬው ያረፈውም በማሳው ላይ ሳይሆን ቡናው በታሸገበት ጆንያ ላይ ነበር። እነዚያ ኬሚካሎች ከፎስፊን የተለዩና ለዓመታት የማይጠፉ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቡና በመጋዘን ያገኘውን ሁሉ የሚስብ ምርት በመሆኑ፣ ለእህል መርዝ መያዣ የነበረን ጆንያ ለቡና ማዋል ወይም ቡናን ከኬሚካል ጋር በአንድ ክፍል ማኖር ያንኑ ጣጣ መልሶ መጥራት ነው።

በፎስፊን የተመረዘ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳልና የደረት መጨነቅ ሲሆን፣ ወባ በሚታወቅበት በዚህ አካባቢ በቀላሉ ለወባ ወይም ለምግብ መመረዝ ሊወሰድ ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ሌሊት አብረው ከታመሙና በቤቱ ክኒን የተደረገበት እህል ካለ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና በሩን ከፍቶ መራቅ ነው፤ ጭምብል የሌለው አዳኝ በጋዝ ወደ ተሞላ ክፍል ዘሎ ቢገባ እሱም አብሮ ይወድቃል። የተመረዘውን ሰው ልብስ አውልቆ፣ ወተት ወይም ሌላ ነገር በማጠጣት ጊዜ ሳያባክኑ፣ ብልቃጡ ወይም ስሙ ቢገኝ ለሐኪም ነግሮ፣ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ለደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ሪፈራል የሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚገኘውም በዚያው በጅማ ከተማ ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብና ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ ክኒኑን በፍሬ መቸርቸርም ከአዋጁ መንፈስ ጋር አይገጥምም። ለገበሬው ቤት የሚሆነው አማራጭም ሩቅ አይደለም። በደንብ የደረቀ በቆሎ በሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖችና በአንድ የውጭ ጆንያ በተሠራው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ታስሮ ሲቀመጥ፣ በውስጡ ያሉት ነቀዞች ኦክስጅኑን ራሳቸው ተንፍሰው ይጨርሱትና ያለ ምንም መርዝ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአተር መሰል ሰብል የተጀመረው ይህ ዘዴ በኢትዮጵያም ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ክኒኑ አሁንም በቤቱ ያለ ሰው ብልቃጡን ሳይከፍት፣ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድም ሆነ ወደ ወንዝ ሳይጥል፣ ከሕፃናትና ከማደሪያ ክፍል አርቆ፣ ደረቅና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቆልፎ ካስቀመጠ በኋላ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ያስታውቅ።